«ዝም በይ» የተባለችው ትዕማር
(በቤት ውስጥ ስለሚፈጸም በደል ለወጣቶች የተዘጋጀ ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በእሑድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕን ስናነብ ምዕራፍ 13 ላይ ደረስን። ነገሩ የሚያሳፍር ስለሆነ ብዙዎቻችን ያን ምዕራፍ ዘለን ወደሚቀጥለው ብንሄድ ደስ ባለን ነበር። መምህራችን ግን «መጽሐፉ ያልዘለለውን እኛ ለምን እንዘላለን?» ስላሉን አነበብነው። አንብበን ስንጨርስ ከመዘምራኑ አንዷ እኅታችን እጇን አውጥታ «ከዚያ በኋላስ ትዕማር የት ሄደች? ማንስ ጠየቃት?» አለች። መልስ የሰጠ አልነበረም። ሰዓቱም ደርሶ ስለነበር ጸሎት አድርሰን ተበተንን። ያች እኅታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት እሑድ ሳትመጣ ቀረች። የቀረችበትን ምክንያት ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ እንናገራለን። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከእርሷ ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ ምዕራፉን እናስታውስ። ትዕማር የንጉሥ ዳዊት ልጅ ናት፤ አምኖንም የዳዊት በኵር፥ በአባት ወንድሟ ነው። በደሉ የተፈጸመባት በበረሃ ወንበዴ አግኝቷት ወይም በሌሊት መንገድ ላይ አይደለም። ወንድምሽ ታሟል ተብላ፥ አባቷ ልኳት፥ በእጇ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ በጋገረችበት ቤት ውስጥ ነው። እኛ ለሴቶች ልጆች «ከማታውቂው ሰው ተጠንቀቂ» እያልን እንመክራለን፤ ትዕማርን የጐዳት ግን የምታውቀው፥ የምታምነውም ሰው ነበር።

በዚህ ታሪክ በዳዩ አንድ ሲሆን ያገዙት ብዙዎች ናቸው። ኢዮናዳብ የተባለው ዘመድ፥ ብልህ ተብሎ የተነገረለት፥ ዘዴውን መከረ። አገልጋዩ አስወጣት ተብሎ ታዘዘና አስወጥቶ በሩን ዘጋ፤ ምን ሆንሽ ብሎ እንደ ጠየቃት አልተጻፈም። አቤሴሎም የእናቷ ልጅ ነው፥ ይወዳታልም፤ ያጽናናት ግን ዝም እንድትል፥ በዳዩ ወንድሟ ስለሆነም ነገሩን በልቧ እንዳትይዘው በመንገር ነው። ንጉሥ ዳዊትም ወሬውን ሰምቶ እጅግ ተቆጣ። ተቆጣ እንጂ አምኖንን እንደ ቀጣው ወይም ልጁን ጠርቶ እንደ አነጋገራት አናነብም። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ዝም ተባለ። ከዚያም በበጎች ሸለታ ግብዣ ላይ አምኖን ተገደለ፤ አቤሴሎም ሸሸ፤ ኋላም ተመልሶ በገዛ አባቱ ላይ ጦር አነሣ። ቤቱን ይጠብቃል የተባለው ዝምታ ቤቱን አልጠበቀውም።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን ትዕማር ራሷ ናት። አስቀድማ ለመነችው፤ ይህ በእስራኤል ዘንድ የማይደረግ መሆኑን በምክንያት አስረዳችው። በኋላም በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፥ ልብሷን ቀዳ፥ እጇን በራሷ ላይ ጭና እየጮኸች ሄደች። እንግዲህ ትዕማር ዝም አላለችም። ዝም ያሰኟት ሌሎች ናቸው። ብዙ ጊዜ «ተበዳዮች ለምን አይናገሩም?» እየተባለ ይጠየቃል፤ እኛ ግን ይህን ምዕራፍ ካነበብን በኋላ «የተናገሩትስ ምን ተባሉ?» ብለን መጠየቅ ጀመርን።

በአገራችን «ገበና» የሚባል የተከበረ ቃል አለ። ገበናን መሸፈን ደግነት ነው፤ የጎረቤትን ድህነት፥ የወዳጅን ስሕተት፥ የሕመምተኛን ሰውነት መሸፈን ከእናቶቻችን የተማርነው መልካም ነገር ነው። ሆኖም ይኸው ነጠላ የተጐዳውን ሰው ትቶ ጐጂውን መሸፈኛ ሲሆን ስሙ ገበና መሆኑ ይቀርና ሌላ ነገር ይሆናል። «የባልና የሚስት ነገር ነው፥ እኛ ምን አገባን» በማለት ስንት ቤት ደጃፍ አልፈን ሄደናል።

በቤት ውስጥ የሚፈጸም በደል ስንልም ዱላን ብቻ ማለታችን አይደለም። የሚስቱን ደመወዝ ተቀብሎ ለሽሮና ለበርበሬ የሚቈጥርላት፥ ወደ ዘመዶቿ እንዳትሄድ የሚከለክላት፥ በልጆቿ ፊት የሚሰድባት፥ «ብትወጪ እገድልሻለሁ» እያለ የሚያስፈራራት ሰው እጁን ባያነሣም በዳይ ነው። ሳትፈቅድ ማስገደድም እንዲሁ፤ ጋብቻ ይህን ነውር ከነውርነት አያወጣውም። አረጋዊት እናቱን ጡረታዋን እየቀማ የሚያስርብ ልጅም አለ። ደግሞ ሁላችንም የምናውቃት አንዲት ልጅ አለች። «ከተማ ወስጄ አስተምራታለሁ» ተብላ ከገጠር ከዘመድ ቤት የመጣች፥ ሌሎቹ ልጆች ደብተር ይዘው ሲወጡ ባልዲ ይዛ የምትቀር፥ ስትሰብር የምትመታ ልጅ። ስሟን ሳናውቅ ቡና አቅርባልን ጠጥተን የወጣንበት ቤት የለምን? ወንዶችም ይበደላሉ፥ እነርሱንም ማፌዝ አይገባም። ሆኖም አብዛኛውን ዱላ የሚቀበሉት ሴቶችና ልጆች መሆናቸውን ሸፍነን ብንናገር እውነት አይሆንም።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው፥ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች መካከል ከ100 34ቱ በባላቸው የአካል፥ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች አድርጎ በ1998 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባለትዳር ሴቶች ከ100 71 የሚሆኑት በሕይወታቸው ከትዳር ጓደኛቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ደርሶባቸው ነበር።

እኛን ይበልጥ ያስደነገጠን ግን ሌላ ቍጥር ነው። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው የሚባልባቸው አምስት ምክንያቶች፥ ይኸውም ወጥ ብታሳርር፥ ብትከራከረው፥ ሳትነግረው ብትወጣ፥ ልጆቹን ችላ ብትል፥ አብራው መተኛትን እንቢ ብትል የሚሉት ተዘርዝረው ነበር። ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ ከተስማሙት ሴቶች 63 ከመቶ ሲሆኑ ወንዶች 28 ከመቶ ናቸው። የሚመቱት ከሚመቱት፥ ማለት ዱላ ከሚቀበሉት ይልቅ የሚሰነዝሩት፥ በቍጥር ያነሱ ደጋፊዎች ሆነው ተገኙ። ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከልም 66 ከመቶው ለማንም ነግረው ወይም እርዳታ ጠይቀው አያውቁም።

ስለ 63ቱ ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «እንግዲያው ሴቶቹ ራሳቸው ከፈለጉት» አልን። ይህ ግን ችኩል ፍርድ ነው። ሴት ልጅ ከዚህ ሐሳብ ጋር አትወለድም፤ ትማረዋለች። እናቷ ስትመታ አያቷ «ቻይው» ስትል ሰምታ፥ በቡና ላይ «ካልመታት አይወዳትም» ሲባል ሰምታ፥ ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል የሚለው ተረት ሲነገር ሰው ሁሉ ሲስቅ አይታ ትማረዋለች። በትምህርት የገባ ነገር በትምህርት ይወጣል ብለን የምናምነውም ለዚህ ነው። (በነገራችን ላይ አህያም ዱላ አይወድም፤ የጠየቀው የለም እንጂ።)

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት እንመለስ። ሐዋርያው ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ስለ ሚስቶች መገዛት የተናገረውን በየሰርጉና በየሽምግልናው በቃሉ የማያውቅ ወንድ የለም። ቍጥር 25 ላይ ሲደርስ ግን ብዙው ሰው ንባቡን ያቆማል። እዚያ ላይ ባል የታዘዘው ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ እርሱም ሚስቱን እንዲወድ ነው። ራሱን መስጠት የታዘዘ ሰው እጁን ማንሣትን ከየት አመጣው? ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ቍጥር 7 ላይ፥ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ሌሊት ሚስቱን ደብድቦ ማለዳ ለኪዳን የሚቆም ሰው ጸሎቱ ወዴት እንደሚሄድ ያስብበት።

ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ሳለ የመጀመሪያይቱን ቆሮንቶስ ሲተረጕም በዚህ ጉዳይ ላይ በብርቱ ተናግሯል። ሚስትን መምታት የተመታችውን ሳይሆን የመታውን የሚያዋርድ የመጨረሻ ነውር መሆኑን ካስተማረ በኋላ፥ የሴቲቱ ጩኸት በየመንገዱ ሲሰማ ጎረቤቱና መንገደኛው አውሬ የገባ ይመስል ወደዚያ ቤት እንደሚሮጥ ይገልጻል። በእርሱ ዘመን ጎረቤት ይሮጥ ነበር ማለት ነው። እኛ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ እናደርጋለን።

«መስቀልሽን ተሸከሚ» የሚለውን ምክርም መመርመር ያስፈልጋል። ጌታ መስቀል እንድንሸከም ያዘዘን እርሱን በፈቃዳችን ለመከተል ነው፤ ሌላው ሰው በቡጢ የሚጭንብን ሸክም መስቀል አይደለም፥ ኀጢአት ነው፤ ኀጢአተኛውም ጫኙ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌ እየጾምን፥ ማኅሌት ቆመን የምናስበው ምንድን ነው? የእመቤታችንንና የልጇን ስደት አይደለምን? ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል በፈለገ ጊዜ መልአኩ ለዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ እንዲሸሽ ነገረው እንጂ ታገሥ አላለውም። ሐዋርያው ጳውሎስም ከደማስቆ በቅርጫት በቅጥሩ ወርዶ አምልጧል። በየዓመቱ 40 ቀን ስደትን የምናስብ ልጆች ሆነን፥ ሕይወቷን ይዛ ከቤቷ የወጣችን እናት «ትዳሯን ጥላ ሄደች» ብለን ማማት አይገባንም ነበር።

ስለ ሕጉም ባጭሩ እንናገር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ ያደርገው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ (አዋጅ ቍጥር 213) ይህን አስቀርቶ ባልና ሚስትን እኩል አደረጋቸው፥ የጋብቻንም ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ የኀይል ድርጊት ወንጀል መሆኑን ለይቶ ደንግጓል። እንግዲህ «በቤቴ ማን አገባው?» የሚለው አነጋገር በሕግም መልስ አለው፤ መንግሥት አገባው። ሕጉ የጐደለውም አለ። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚናገረው አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ የተፈጸመውን ብቻ ይመለከታል። ሕጉ ዝም ያለበት ሁሉ ግን ለክርስቲያን የተፈቀደ አይደለም።

አሁን ያዘገየነውን እንናገር፤ መናገሩ ባይቀልልንም።

ያች እኅታችን ሦስተኛውን እሑድ በቀረች ጊዜ ሁለታችን ልንጠይቃት ወደ ቤቷ ሄድን። እናቷ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፥ ግራ እጃቸውን በሻሽ አስረው ተቀበሉን፤ ደረጃ ላይ ወድቀው እንደ ሆነ ነገሩን። እኛም «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብለን ቡናችንን ጠጣን። ቤቱ ግን ደረጃ አልነበረውም። ልጅቱ እስከ በር ስትሸኘን ነው አባቷ እናቷን ለዓመታት ሲመታቸው መኖሩን፥ ክንዳቸው የወለቀውም ያን ምዕራፍ ያነበብን ዕለት ማታ እንደ ነበር የነገረችን። አባቷ በሰፈሩ የተከበሩ፥ የእድር ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ለማንም እንዳንናገር አስምላ ለመነችን።

ሳምንት አልሞላም። ከሁለታችን አንዳችን ነገሩን ለአንዲት መዘምር ነገርን፤ «በጸሎት አስቢያቸው» ብለን ነው የነገርናት። እርሷ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ የዚያው እድር አባል ናቸው። ሐሙስ ዕለት ነገሩ ሰውዬው ጆሮ ደረሰ። በዚያች ሌሊት በዚያ ቤት የሆነውን እዚህ አንጽፈውም። በጸሎት ስም ወሬ አወራን፤ የወሬያችንን ዋጋ የከፈሉት ግን እኛ አልነበርንም። ንስሐ ገብተናል፤ ይህን የምንጽፈውም ሌላው ወጣት ከእኛ ስሕተት እንዲማር ነው። ተበዳይ የነገረህን ምሥጢር፥ ለበጎም ቢሆን፥ ያለ ፈቃዷ ለሌላ አሳልፎ መስጠት በትር እንደ ማቀበል ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሽማግሌዎች ገቡ። ሦስት ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ክፉ አሰቡ አንልም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው «ችግራችሁ ምንድን ነው?» አሉ። እናትየው ሲመቷቸው በኖሩት ሰው ፊት ምን ይናገሩ? «እኔም አፌን አበዛለሁ» አሉ። አባትየው ይቅርታ ጠየቁ፥ «ልጆችሽን አስቢ» ተባለ፥ ተመረቀ። ዕርቁ ከሆሣዕና እስከ ዳግማ ትንሣኤ ቆየ።

ሽምግልና የአባቶቻችን ሀብት ነው፤ ለድንበርና ለገንዘብ ጠብ፥ ለተኳረፉ ወንድማማቾች እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን እኩል ለተጣሉ ሰዎች የተሠራ ነው። አንዱ መቺ ሌላዋ ተመቺ በሆኑበት ቤት ሁለቱን በአንድ ወንበር አስቀምጦ «ተቻቻሉ» ማለት፥ የምትችለዋን ይበልጥ ቻይ ማለት ብቻ ነው። ዘኬዎስ በተመለሰ ጊዜ ያታለለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፤ ንስሐው በሥራ ታየ። የሚመታ ሰውም ተመልሻለሁ ካለ መመለሱ በወራትና በዓመት የሚታይ ነው፤ ዱላው ካቆመ፥ ቁጥጥሩ ካቆመ፥ ጥፋቱን በሚስቱ፥ በመጠጥ ወይም በሰይጣን ማላከኩን ከተወ። በመጠጥ የሚያመካኝ ሰው ሰክሮ አለቃውን መቶ ያውቃልን? አያውቅም። እስከዚያ ድረስ ተበዳይዋ ወደ አንድ ጣራ እንድትመለስ መገፋት የለባትም።

በመጨረሻ የረዷቸው አንዲት እናት ናቸው። በጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመታት በነርስነት የሠሩ፥ የሰንበቴያችን አባል፥ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት። በልጅቱ ፈቃድ መምህራችን ለእርሳቸው ብቻ ነገሯቸው። እትዬ ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል። እናትየውን ለብቻቸው፥ ባል ሥራ በዋለበት ሰዓት አገኟቸው። «ምን አድርገሽው ነው?» አላሉም፤ «ለምን እስካሁን ተቀመጥሽ?» አላሉም። «አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ዛሬ ማታ እቤትሽ ማደር ያስፈራሻል?» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ሰሙ። እናትየው አንገታቸውን ታንቀው እንደ ነበር ሲናገሩ እትዬ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ማነቅ ምልክት ሳይተው ውስጥ ሊጐዳ ይችላል፤ ሚስቱን ያነቀ ሰውም ኋላ የመግደሉ ስጋት እጅግ ይጨምራል። ይህን እኛ አናውቅም ነበር።

እትዬ ያስተማሩንን ሁሉም እንዲያውቀው እንጽፋለን። ተደፍራ የመጣች እኅት ካለች ከ72 ሰዓት በፊት ጤና ተቋም መድረስ አለባት፤ ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኀኒት የሚሰጠው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው፥ ቶሎ ሲጀመርም ይበልጣል። ከእርግዝና የሚከላከለው እስከ 5 ቀን ይሠራል። ከተቻለ ሳትታጠብ ትሂድ፤ የለበሰችው ልብስ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል፥ ለማስረጃ ይጠቅማልና። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፥ ፖሊሱንና የሕግ ሰዎቹን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ የኖረ ድርጅት ነው። ሸሽተው ለወጡ ሴቶችና ልጆቻቸውም አድራሻቸው የማይነገር ማረፊያ ቤቶች አሉ፤ በየወረዳው ባለው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም በፖሊስ በኩል ይደረስባቸዋል።

ከቤት መውጣት ከፈለገችም «አሁኑኑ ውጪ» ብሎ ማዋከብ ጥፋት ነው፤ ለመውጣት የምትነሣበት ሰዓት ከሁሉ ሰዓት አደገኛው ነውና። ውሳኔው የእርሷ ነው፤ እኛ መንገዱን እናዘጋጅላታለን። እትዬና እናትየው ሁለት ሳምንት ወሰዱ። የቀበሌ መታወቂያ፥ የጋብቻ ወረቀት፥ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ፥ ጥቂት ገንዘብ፥ አንድ ቅያሪ ልብስ፥ ሁሉም በትንሽ በትንሹ በዘንቢል ከአትክልት ሥር እየሆነ ወደ አክስቲቱ ቤት ሄደ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባል ሥራ ከሄዱ በኋላ እናትና ልጆች ባዶ እጃቸውን፥ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ወጡ። ባልን ልንመክራቸው ወይም ልንቆጣቸው ያሰብን ወንድሞች ነበርን፤ እትዬ ከለከሉን። እኛ ተናግረን ወደ ቤታችን እንገባለን፥ ቁጣውን የሚቀበሉት ግን እነርሱ ናቸው አሉን።

የተበደለው ሕፃን ከሆነ ግን ሥርዓቱ ይለያል። ለሕፃን «ለማንም አልናገርም» ብለን ቃል አንገባም። «የነገርከኝን የማካፍለው ሊረዳህ ለሚችል ሰው ብቻ ነው» እንለዋለን፤ ዕለቱን ለመምህር፥ ለጤና ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ እናደርሳለን። በዳዩ ዘመድ፥ መምህር ወይም አገልጋይ ቢሆንም ያው ነው። የቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠበቀው ሕፃን በመጠበቁ ነው።

ትምህርቱን ወደ ሰፈር ስለ ማውረድም ተነጋግረናል፤ ብዙ ሐሳብ ቀርቦ ጥቂቱን ያዝን። ሴቶችን «ተጠንቀቁ» እያሉ ብቻ ማስተማር ሥራውን ሁሉ በተበዳይ ትከሻ መጫን ስለሆነ፥ መጀመሪያ ወንድሞች ለብቻችን በጥናት እንቀመጣለን። በመካከላችን «ሚስቴን ቀጥቼ» እያለ የሚቀልድ ሲኖር አለመሳቅ አንድ ነገር ነው፤ ትንሽ ይመስላል፥ ሞክሩት ግን፥ ከባድ ነው። ሁለተኛው የሚዜ ነገር ነው። በብዙ አገራችን ክፍል ሚዜ ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም እንዲሆናት፥ እንዲጠብቃት በቃል የሚታሰር ሰው ነበር። ዛሬ ሚዜነት ሱፍ ለብሶ ፎቶግራፍ መነሣት ሆኗል። በዚህ ዓመት ከመካከላችን የሚያገቡ አራት ጥንዶች አሉ፤ ሚዜዎቻቸው ከሠርጉ በኋላ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሙሽራዪቱን ለብቻዋ «ደኅና ነሽ ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ተስማምተዋል። ሦስተኛው፥ እትዬ በሰንበቴውና በእድሩ ሴቶች ቡና ላይ እንዲናገሩ ተጋብዘዋል። እድሩ ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፥ ይቆፍራል፥ ያስተዛዝናል፤ ሳይሞቱ ለሚሸሹ ሴቶችስ ከመጠባበቂያው ጥቂት ብር ቢያስቀምጥ ምን ይለዋል ብለን በደብዳቤ ጠይቀናል። መልሱ ገና አልመጣም። ዳኛው ማን እንደ ሆኑ ታስታውሳላችሁ።

ለካህናት አባቶቻችንም በአክብሮት የምናቀርበው ልመና አለን። ምእመናን ከሐኪምና ከፖሊስ በፊት የሚነግሩት ለንስሐ አባታቸው ነው። ስለዚህ ሴቲቱን ከባሏ ለይቶ መስማት፥ ጉዳቷን ለሐኪም እንድታሳይ መምከር፥ ባልንም የአፈወርቅን ትምህርት ሳያለዝቡ መገሠጽ ከሁሉ ይልቅ ለእናንተ ይቻላል።

እኅታችን ባለፈው ወር ወደ መዝሙር ክፍል ተመልሳለች። እናቷ በአክስቲቱ ቤት እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ፤ ክንዳቸው እንደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ነው። አንዳንድ ሰው በቅዳሴ ሰዓት ሲያያቸው ፊቱን ያዞራል። ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ለሁለቱም አንብበንላቸዋል፤ እንዲወጣ የፈቀዱትን ትተን የከለከሉትን ሠርዘናል፥ ሰው እንዳይለያቸውም አንዳንዱን ነገር ለውጠናል። እናትየው አንድ ነገር ብቻ አስጨመሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ነጠላቸውን ተከናንበው ቡና ሲያቀርቡልን፥ ከሁለታችን አንዳችን ደረጃው የት እንዳለ እንድንጠይቃቸው ይጠብቁ እንደ ነበር ጻፉልኝ አሉ።

ለሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ሰው የየወረዳውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አድራሻና ሌሊት የሚሠራውን በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ጠይቆ ጽፎ ይምጣ። አሰባስበን በትንሽ ወረቀት እናባዛዋለን። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ ሴቶች ሰው ሳያያቸው ሊወስዱት በሚችሉበት በሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር ውስጥ በኩል ይቀመጣል። ያንኑ ዕለት መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 13ን ከቍጥር 20 ጀምረን እንደገና እናነባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።